የዱር ድመት ታሪክ፤ ከጫካ እስከ ጎተራ



የአራዊት ታሪክ በተነገረ ጊዜ ሁሉ ሰው ጆሮውን የሚሰጠው ለታላላቆቹ ነው። አንበሳ የመንግሥት ምልክት ሆኖ በማኅተምና በገንዘብ ላይ ተቀርጾ ኖሯል፤ የአንበሳና የነብር ቈዳ ለምድ ሆኖ በጀግና ትከሻ ላይ ወርዷል፤ ስለ ሁለቱም አዝማሪ አዚሟል፤ ፎካሪ ፎክሯል። ስለ ዱር ድመት ግን የፎከረ ሰው አልተሰማም። ክብደቷ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ግራም ቢሆን ነው፤ ቀን ተሸሽጋ ሌሊት የምትወጣ፣ ብቻዋን የምትኖር፣ አይጥ በማደን የምትተዳደር ስለ ሆነች ከሰው ዓይንም ከሰው አፍም ርቃለች። ሆኖም ከዚህ ሁሉ ወገን መካከል ወደ ሰው ቤት ገብታ በምድጃ አጠገብ የተኛች፣ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት በፋይል ክምር ላይ ተቀምጣ አይጥ የምትጠብቅ፣ የዚህችው የዱር ድመት ልጅ ናት። አንበሳ በሰው ታሪክ ውስጥ የኖረው በሥዕል ነው፤ እርስዋ ግን በአካል ገባች። እንዴት እንደ ገባችና መግባቷ በዱር ለቀሩት ዘመዶችዋ ምን እንዳመጣባቸው ዛሬ እንናገራለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስሟን ከሌሎች ስም መለየት ያስፈልጋል፤ በአገራችን የድመት መልክ ያለውን አውሬ ሁሉ የዱር ድመት ብሎ መጥራት የተለመደ ነውና። አነር የምንላት እግረ ረጅም፣ ጆሮዋ ትልቅ፣ ሰውነቷ ጠቃጠቆ ያለበት አውሬ ከድመት ወገን ብትሆንም ሌላ ናት። ሸለምጥማጥና ጥርኝ ደግሞ መልካቸው ሰውን ቢያሳስትም ከድመት ቤተ ሰብ አይቈጠሩም። ጥርኝ ዝባድ የሚገኝባት በመሆኗ በንግድ ታሪካችን ውስጥ ታላቅ ስፍራ አላት፤ ስለ እርስዋ ግን ራሱን የቻለ ንግግር ያስፈልጋል። እኛ ዛሬ የምንናገርላት መልኳ አመድ ወይም አሸዋ የሚመስል፣ በእግሮችዋ ላይ ደብዘዝ ያለ ቀለበት ያለባት፣ የጅራቷ ጫፍ ጥቁር የሆነ፣ ከሩቅ ለሚያያት የመንደር ድመት የምትመስል አውሬ ናት። ከመንደሪቱ ድመት የምትለይበትን ምልክት በስተመጨረሻ እንናገራለን።

ሊቃውንት የዱር ድመትን በሁለት ይከፍሏታል። አንደኛዋ በአውሮፓ ደኖች የምትኖረው፣ ጠጕሯ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጅራቷ ወፍራምና ጫፉ ድፍን የሆነው ናት። ሁለተኛዋ በአፍሪካ ሣርና ቍጥቋጦ ምድር፣ ከዚያም በዐረብ አገር አልፋ እስከ መካከለኛው እስያ ድረስ የምትገኘው ናት፤ በኢትዮጵያም ያለችው ይህችው ናት። የቤት ድመት ከየትኛዋ ወጣች የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። አንዳንዱ እያንዳንዱ ሕዝብ በየአገሩ ያለችውን የዱር ድመት እያለመደ የራሱን ድመት አገኘ ይል ነበር። በ2007 ዓመት ግን ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ 979 የዱርና የቤት ድመቶችን ዘር መርምረው፣ በዓለም ላይ ያሉት የቤት ድመቶች ሁሉ የሁለተኛዪቱ ልጆች መሆናቸውን አስታወቁ። ሌሎች የዱር ድመቶች ከዚህ ርስት ድርሻ የላቸውም። የመጀመሪያው መልመድ በትክክል በየትኛው ስፍራ ተደረገ፣ በምሥራቅ ነው ወይስ በሰሜን አፍሪካ፣ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም፤ የእናቲቱ ማንነት ግን አያከራክርም።

አሁን እንግዲህ ወደ ጎተራው እንምጣ። ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ፣ ዛሬ ሶርያ፣ ኢራቅና ቱርክ በሚባሉት አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ስንዴና ገብስ መዝራት ለመዱ። የሚዘራ ሰው የሚበላውን ሁሉ በአንድ ቀን አይበላምና ማከማቸት ግድ ሆነበት። እህል በተከማቸበት ስፍራ ሁሉ አይጥ መጣ፤ አይጥ በበዛበት ስፍራ ደግሞ አይጥ አዳኚቱ መጣች። በገጠር ያደገ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገውም። እህሉ ከአውድማ ገብቶ በጎተራና በጎታ ውስጥ በተከተተ ማግስት ማታ ማታ የሚሰማውን ኮሽታ፣ ጆንያው ተበልቶ እህሉ ሲፈስስ የምታዝነውን የቤት እመቤት ያላየ ማን ነው? ለዚያች እመቤት ድመት ጌጥ አይደለችም። የዓመቱ ቀለብ ዘበኛ ናት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሰው ያለመዳቸው ሌሎቹ እንስሳት ሁሉ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ የታሰሩ ናቸው። በሬው ቀንበር፣ ፈረሱ ልጓም፣ በጉ በረት አለበት፤ ውሻም ቢሆን ከሰው ጋር አብሮ ማደንንና ጌታን መታዘዝን ተምሯል። ድመትን ግን ማንም ያሰራት የለም። ሰው ከእርስዋ ወተት አልፈለገ፣ ጠጕር አልሸለተ፣ ጭነት አላስጫነ። እርስዋም ከሰው እህል አልፈለገችም፤ ጥሬ አትበላምና። እንዲያውም በ2005 እንደ ተገለጠው፣ ጣፋጭን ጣዕም የሚለየው ዘረ መል በድመት ወገን ዘንድ ሥራውን አቁሟል፤ ማርና ስኳር ለእርስዋ ጣዕም የላቸውም። ሥጋ ብቻ የምትበላ አውሬና እህል የሚያከማች ገበሬ በተገናኙ ጊዜ የሚያጣላቸው ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም ጠላታቸው አንድ ነበርና። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሰው ድመትን አለመደ ከማለት ይልቅ ድመት ሰውን ጎረቤት አደረገች ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል። ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ የሚለው ያገራችን ምሳሌ ስለ ግብዝ ሰው የተነገረ ቢሆንም፣ ስለ ድመቲቱም ቢሆን የተፈጥሮ ሊቃውንት በብዙ ገጽ ከጻፉት ያላነሰ እውነት አለበት። የቤት ድመት ሰውነት ከዱሪቱ ጋር ሲነጻጸር የተለወጠው እጅግ ጥቂት ነው፤ አደኗም፣ ብቸኝነቷም፣ ሌሊት መውጣቷም እንደ ነበረ ነው።

ለዚህ ጎረቤትነት እስካሁን ከተገኙት ምስክሮች ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀው በቆጵሮስ ደሴት የተገኘው መቃብር ነው። ሺሉሮካምቦስ በሚባለው ጥንታዊ መንደር ውስጥ የፈረንሳይ አገር ተመራማሪዎች አንድ ሰው የተቀበረበትን ጕድጓድ ሲቈፍሩ፣ ከሰውዬው ዐፅም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቃ የስምንት ወር ያህል ዕድሜ ያላት ድመት ተቀብራ አገኙ። ነገሩ በ2004 ዓመት ታተመ። መቃብሩ 9,500 ዓመት ያህል ሆኖታል። ድመቲቱ ታርዳ የተበላች አልነበረችም፤ አጥንቶችዋ ሳይበታተኑ እንደ ተኛች ነው የተገኙት። በቆጵሮስ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የድመት ዘር አልነበረም፤ ስለዚህ እርስዋ ወይም ወላጆችዋ በታንኳ ባሕር ተሻግረው መጥተዋል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ማድጋ ገና አልተሠራም፤ ብረትም አልታወቀም፤ ፊደልም አልነበረም። ነገር ግን አንድ ሰው በሞተ ጊዜ ወዳጆቹ ድመቱን አብረው ሊቀብሩለት ተገቢ መስሎ ታይቷቸዋል።

እህል ድመትን እንደሚጠራ ከሩቅ ምሥራቅም ምስክር አለ። በቻይና አገር ኳንሁኩን በሚባል ስፍራ ማሽላ መሰል እህል ይዘሩ በነበሩ ሰዎች መንደር ውስጥ 5,300 ዓመት ያህል የሆናቸው የድመት አጥንቶች ተገኝተው ነበር። በ2016 አጥንቶቹ በተመረመሩ ጊዜ ግን ከእኛዋ ድመት ወገን ሳይሆኑ በእስያ ደን የምትኖር ሌላ ጠቃጠቆ ድመት ሆነው ተገኙ። እዚያም አይጥ ወደ እህል፣ አዳኚቱም ወደ አይጥ መጥታ ነበር። ይህች የእስያ ድመት ግን ወዳጅነቱን አልቀጠለችበትም፤ ወደ ደኗ ተመለሰች። ዛሬ በቻይና ቤቶች የሚገኙት ድመቶች ከምዕራብ የመጡት ናቸው።

ስለ ድመት ታሪክ የሚናገር ሰው ግብፅን ሳይጠራ ማለፍ አይችልም፤ እኛም ከዚያው ጥቂት እንቈያለን። በላይኛው ግብፅ ሂየራኮንፖሊስ በምትባለው ጥንታዊት ከተማ በአንድ ጕድጓድ ውስጥ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና አራት ግልገል ድመቶች አብረው ተቀብረው ተገኝተዋል፤ ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3700 ገደማ ነው፤ ፒራሚዶች ገና አልተሠሩም። ግብፃውያን ድመትን በገዛ ድምፅዋ «ሚዩ» እያሉ ይጠሯት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የሦስተኛው አሜንሆቴፕ ልጅ ልዑል ቱትሞስ ለድመቱ ከድንጋይ የተጠረበ ሣጥን አሠርቶላታል፤ ስሟም ታሚዩ ይባል ነበር፤ በሣጥኑ ላይ በማዕድ ፊት ተቀምጣ ትታያለች።

ባስቴት የተባለችው የግብፃውያን አምላክ በመጀመሪያ የምትሣለው በሴት አንበሳ መልክ ነበረ። ዘመን እያለፈ ሲሄድ ግን የአንበሳው ፊት እየለዘበ መጥቶ የድመት ፊት ሆነ። ይህ ለውጥ የሠዓሊ ምርጫ ብቻ አይመስለኝም፤ ሕዝቡ በየቤቱ የሚያያት ድመት በሩቅ የሚፈራውን አንበሳ ከዙፋኑ አወረደችው። ቡባስቲስ በምትባለው ከተማ በየዓመቱ ይደረግላት የነበረውን በዓል የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ጽፎታል፤ ሕፃናት ሳይቈጠሩ 700,000 ሰው ይሰበሰብ ነበር፣ በዚያም በዓል የሚጠጣው ወይን በቀረው ዓመት ሁሉ ከሚጠጣው ይበልጣል ይላል። ቍጥሩን ሄሮዶቱስ ከሰማው ሰው ጋር እንተወው። ደግሞም በቤት ውስጥ ድመት በሞተች ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ቅንድባቸውን ይላጫሉ፣ ቤት በተቃጠለ ጊዜም እሳቱን ከማጥፋት ይልቅ ድመቶቹ ወደ እሳቱ እንዳይገቡ ለመከላከል ይሰለፋሉ ብሎ ጽፏል። ከእርሱ 400 ዓመት ያህል በኋላ ግብፅን የጐበኘው ዲዮዶሮስ ደግሞ በዓይኑ ያየውን ይነግረናል፤ አንድ የሮማ ሰው ሳያስበው ድመት ገደለ፤ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ጎረፈ፤ በዚያን ጊዜ የግብፅ ንጉሥ የሮማን ወዳጅነት አጥብቆ ይፈልግ ነበርና ሹማምንቱን ልኮ ሊያስምረው ሞከረ፤ ነገር ግን የንጉሡም ልመና የሮማም ግርማ ሰውዬውን አላዳነውም።

ይህን ያነበበ ሰው ግብፅ ለድመት ገነት ነበረች ይል ይሆናል። ነገሩ ግን ሌላ ገጽ አለው። ለባስቴት ስለት የሚያገባ ሰው በመድኀኒት ደርቃ በጨርቅ የተጠቀለለች ድመት ገዝቶ ማቅረብ የተለመደ ነበር፤ ለዚህም ሲባል ድመቶች በቤተ መቅደሱ አጠገብ በብዛት ይረቡ ነበር። በ1981 የታተመው ምርመራ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙትን የድመት ሬሳዎች በራጅ አይቶ፣ ብዙዎቹ ገና ግልገል ሳሉ አንገታቸው ተጠምዝዞ የሞቱ መሆናቸውን አስረዳ። አንዲትን ድመት ሳያውቅ የገደለውን እንግዳ የሚገድል ሕዝብ፣ በመቅደሱ ጓሮ ብዙ ሺህ ድመቶች እንዲታነቁ ይፈቅድ ነበር። ቅዱስ ያሉትን ነገር ለገበያ ማቅረብ በሌላ ዘመንና በሌላ አገርም የታየ ነው።

የእነዚያ ሬሳዎች መጨረሻ ደግሞ እጅግ የሚያሳዝን፣ በአንድ በኩልም የሚያስቅ ነው። በ1888 ዓመት ቤኒ ሐሰን በሚባለው ስፍራ አንድ የግብፅ ገበሬ ሲቈፍር በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ የድመት ሬሳዎች የታጨቁበትን ዋሻ አገኘ። በ1890 ከዚያ የተነሣ 19 ቶን ያህል ጭነት በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ሊቨርፑል ተወስዶ በጨረታ ተሸጠ፤ በዚህ ጭነት ውስጥ 180,000 ያህል ድመቶች እንደ ነበሩ ተገምቷል። ገዢዎቹ ፈጭተው የእርሻ ማዳበሪያ አደረጓቸው። የግብፅን ጎተራ ስትጠብቅ የነበረች ድመት ሁለት ሺህ ዘመን ካለፈ በኋላ የእንግሊዝን እርሻ አለማች።

በሕይወት ያሉት ድመቶች ግን ቀድሞውኑ ከአባይ ሸለቆ ወጥተው ነበር። እህል የጫነ መርከብ ሁሉ አይጥ ይጭናል፤ አይጥ የጫነ ሁሉ ድመት ይፈልጋል፤ በዚህ ሰበብ ድመት በመርከብ ከወደብ ወደ ወደብ ተሻገረች። በ2025 የታተመ የዘር ጥናት የቤት ድመት ከሰሜን አፍሪካ ወደ አውሮፓ የገባችው ከ2,000 ዓመት ገደማ ወዲህ፣ ማለት በሮማውያን ዘመን መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ በኋላ በገዳም፣ በወፍጮ ቤት፣ በጦር ሰፈር፣ በመጨረሻም በመሥሪያ ቤት ገባች። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ልናውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ በ1868 ዓመት በለንደን የፖስታ ሐዋላ ክፍል አይጦች ወረቀቱን እየበሉ ስላስቸገሩ ሦስት ድመቶች በይፋ ተቀጥረዋል። የክፍሉ ሹም ለቀለባቸው በሳምንት ሁለት ሽልንግ እንዲፈቀድላቸው ቢጠይቅ፣ የበላዩ አንድ ሽልንግ ይበቃል፣ የቀረውን ከአይጡ ያግኙ ብሎ መለሰለት። የደመወዝ ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ ያገኘበትን ደብዳቤ እኔ አላየሁም።

በዚያው በ1868 ዓመት የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ወርሮ መመለሱን ሁላችን እናውቃለን። ይህ ጦርነት በድመት ታሪክ ውስጥም ስም ትቶ አልፏል። በ1874 በእንግሊዝ አገር የታተመ አንድ የድመት መጽሐፍ ከጦርነቱ በኋላ ከአቢሲንያ የመጣች ናት የተባለችውን ዙላ የምትባል ድመት ሥዕሏን ይዞ ወጣ፤ ዙላ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የባሕር ዳርቻ ስም ነው። ከዚያ ጀምሮ እያንዳንዱ ጠጕሯ ቀለም በቀለም የተፈራረቀባት፣ የዱር ድመት መልክ ያላት አንዲት የድመት ዐይነት በአውሮፓና በአሜሪካ «የአቢሲንያ ድመት» እየተባለች በውድ ዋጋ ትሸጣለች። በኋላ ዘመን ዘሯ ሲመረመር ግን የሚቀርበው ከሕንድ ውቅያኖስ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደሚገኙት ድመቶች ነው። የአገራችንን ስም ይዛ ዓለምን የዞረችው ድመት ባዕድ ሆና ስትገኝ፣ እውነተኛዪቱ የአገራችን የዱር ድመት ማንም ስሟን ሳይጠራ በቍጥቋጦዋ ውስጥ ቀርታለች።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀት እንመጣለን። የቤት ድመት በዓለም ላይ በመቶ ሚሊዮን በምትቈጠርበት ዘመን የዱሪቱ ዘመድዋ ምን ሆነች? መልሱን በግልጽ የምናየው በስኮትላንድ ነው። በዚያ አገር የዱር ድመት የኀይልና የነጻነት ምልክት ነበረች፤ ቻታን የሚባለው የጎሣዎች ኅብረት በጋሻው ምልክት ላይ አድርጓት፣ ያለ ጓንት ድመቲቱን አትንካ የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎበታል። ነገር ግን ደኑ ተመነጠረ፤ ለመኳንንት አደን የሚጠበቁትን ወፎች ትበላለች ተብላም በጠመንጃና በወጥመድ ተፈጀች። በእንግሊዝና በዌልስ በ19ኛው መቶ ዓመት ጠፋች፤ በስኮትላንድ ደጋ ጥቂቶች ቀሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ከጠመንጃው ይልቅ የሚያስደነግጥ ነው። በ2023 የታተሙ ጥናቶች እንዳስረዱት፣ የዱርና የቤት ድመት በአውሮፓ 2,000 ዓመት ያህል ጎን ለጎን ሲኖሩ እምብዛም ሳይደባለቁ ቈይተዋል። አንደኛዋ የደን፣ ሁለተኛዋ የመንደር ነበረች፤ እያንዳንዷ የራሷን ወገን ትመርጥ ነበር። ድንበሩ የፈረሰው በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ነው። የዱር ድመቶች እጅግ ባነሱ ጊዜ ወንዱ የራሱን ወገን ሴት ፈልጎ ያጣል፤ በየመንደሩ ዳር ግን የቤት ድመት ሞልታለች። የሚወለዱትም ግልገሎች መካን አይደሉም፤ እነርሱም በተራቸው ይወልዳሉ። በዚህ መንገድ አንድ ዘር ሳይገደል ይጠፋል፤ ሬሳ አይታይም፤ ደኑ ውስጥ ድመት የሚመስል አውሬ ዛሬም ይሮጣል፤ ነገር ግን የዱር ድመት አይደለም። በ2019 የቀረበው የባለሙያዎች ሪፖርት በስኮትላንድ ደን የቀሩት የዱር ድመቶች ያለ ርዳታ ራሳቸውን ሊያኖሩ የማይችሉ መሆናቸውን ገለጠ። ስለዚህም ዘራቸው ተመርምሮ ንጹሕ የተባሉት በጥበቃ ውስጥ እንዲረቡ ተደርጎ፣ በ2023 ዓመት 19ኙ ኬርንጎርምስ በሚባለው ተራራማ አገር ተለቀቁ። በሚቀጥለውም ዓመት በዱር የተወለዱ ግልገሎች ታይተዋል። ጠባቂዎቹ ከተለቀቁት ድመቶች ይልቅ የደከሙት በአካባቢው ያሉትን የመንደር ድመቶች እያስያዙ በማኰላሸትና በመከተብ ነው።

ይህ የባዕድ አገር ወሬ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ባሌ ተራሮች እንዲመለከት እለምነዋለሁ። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ዛሬ አዋቂው ተቈጥሮ ከ500 አይሞላም፤ አብዛኛውም ባሌ ውስጥ ነው። የእርሱ ጠላት ጠመንጃ ብቻ አልሆነም፤ የእረኛው ውሻ ጭምር ነው። ከውሻ ጋር ተዳቅለው የተወለዱ ቀበሮዎች በባሌ ታይተው ተመዝግበዋል፤ ከውሻ የተቀበሉት የእብድ ውሻ በሽታም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። በዚህ ምክንያት ባለሙያዎች በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬውን ውሾች ይከትባሉ። ለማዳው ዘመድ የዱሩን ዘመድ በሽታና ጋብቻ ይዞበት ሲመጣ እንዴት እንደሚሆን እኛ ከስኮትላንዶች የምንሰማው ሳይሆን በዓይናችን ያየነው ነገር ነው።

የዱር ድመታችን ገና እንደ ስኮትላንዷ አልሆነችም። በደቡብ አፍሪካ የተደረጉት ምርመራዎች እንዳሳዩት፣ ከሰው መንደር በራቁ ሰፊ ጥብቅ ስፍራዎች የሚኖሩት የዱር ድመቶች ዘራቸው እስካሁን በአብዛኛው ንጹሕ ነው፤ መደባለቁ የሚበዛው በመንደርና በእርሻ ዳር ነው። ይህ ለአገራችን የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ከተማው ወደ ቍጥቋጦው በገፋ መጠን ድመቱም አብሮ ይገፋል። እኛም የከተማ ሰዎች በዚህ ላይ የማናስተውለው ድርሻ አለን። ድመት በቤት ውስጥ በወለደች ጊዜ ብዙ ሰው ግልገሎቹን መግደል ኀጢአት ነው ይልና በከረጢት ከትቶ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ በጫካ ዳር ይለቃቸዋል። ራራሁላቸው ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከግልገሎቹ አብዛኞቹ በረኀብና በጅብ ይሞታሉ፤ የቀሩት አንዱ ወይም ሁለቱ ግን በሽታቸውንና ዘራቸውን ይዘው ወደ ጫካው ይገባሉ። እናቲቱን በእንስሳት ሐኪም ዘንድ ማስከተብና ማኰላሸት የሚጠይቀው ገንዘብ ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቀላል ባይሆንም፣ ከረጢቱን ይዞ ለመንገድ ከመውጣት የሚሻል ነው።

በመጨረሻ የገባነውን ቃል እንፈጽም። ለሥራ ጉዳይ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ገጠር የወጣ ሰው ማታ በመኪናው መብራት ፊት ግራጫ ድመት ስታልፍ ቢያይ፣ መኪናውን ቀስ አድርጎ ይመልከታት። እግሮችዋ ከመንደር ድመት እግር ረዘም ያሉ ናቸው፤ በተቀመጠችም ጊዜ የፊት እግሮችዋ ከመርዘማቸው የተነሣ ደረቷ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በግብፅ መቃብር የተገኙት የነሐስ ድመቶች የተቀረጹት በዚሁ አቀማመጥ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን በጆሮዋ ላይ ነው። የዱር ድመት የጆሮዋ ጀርባ እንደ ሸክላ አፈር ቀላ ያለ ነው፤ ከመንደር ድመት የተዳቀለችው ይህን ቅላት አብዛኛውን ጊዜ ታጣለች። ስለዚህ ፊቷን አዙራ ወደ ቍጥቋጦው ስትገባ ጆሮዋን ከበስተኋላ ማየት ያሻል።